ወረፋውም ዋጋ አለው



ሰሞኑን ከዒሻ ሶላት በኋላ መስጂድ በር ላይ ስንቆም አንድ ጥያቄ አይጠፋም፦ «ለአዲስ መኪና ከፍሎ መጠበቅ ይሻላል ወይስ ያገለገለ ገዝቶ ወደ ሥራ መግባት?» ጠያቂዎቹ ሀብታሞች አይደሉም። ዕቁብ የደረሳቸው፣ ዐረብ አገር ያለች እህታቸው የላከችውን ያጠራቀሙ፣ በመኪናዋ ሠርተው ቤተሰብ ሊያስተዳድሩ ያሰቡ ወጣቶች ናቸው።

ከመካከላችን አንዱ ከፍሎ ጠበቀ። በስድስት ወር ትደርሳለች የተባለችው መኪና ዓመት አልፎም አልመጣችም። ቢሮ በሄደ ቁጥር መልሱ «መንገድ ላይ ናት» ነበር። በመጨረሻ «ዶላር ስለጨመረ ልዩነቱን ክፈል» ተባለ። ውሉን አውጥተን አነበብነው። ሻጩ ዋጋ መጨመር እንደሚችል ተጽፏል፤ ቢዘገይ ምን እንደሚሆን ግን አንድም መስመር የለም።

መዘግየት ሁሉ ማጭበርበር ነው አንልም። መኪና የሚመጣው በውጭ ምንዛሪ ነው። ሐምሌ 2016 ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በዚያ ላይ የመርከቡ ጉዞ፣ የጅቡቲ ወደብና ጉምሩክ አለ። ያገለገለውም ቢሆን ርካሽ አይደለም። የ2012ቱ የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። ጥር 2016 ደግሞ ከኤሌክትሪክ በቀር ሌላ አውቶሞቢል ወደ አገር እንደማይገባ መንግሥት አስታወቀ። ስለዚህ ቪትዝና ኮሮላ ያለው ሰው በቀላሉ አይለቅም።

ታዲያ ምን እናድርግ? የኛ አቋም ግልጽ ነው፦ መኪናዋ እንጀራችሁ ከሆነች፣ ወረቀት ላይ ካለችው አዲስ ይልቅ በደንብ የተመረመረች ያገለገለች ትሻላለች። ሒሳቡን አብረን እንሥራ። መኪናዋ ወጪዋን ችላ በቀን 1,000 ብር ታስገባለች እንበል። በወር 25 ቀን ብትሠራ 25,000 ብር፣ በዓመት 300,000 ብር ነው። አንድ ዓመት የጠበቀ ሰው ይህን ገንዘብ በአዲሷ ዋጋ ላይ ይደምረው። ውሉ ላይ ባይጻፍም ከኪሱ ወጥቷል።

ያገለገለ ስትገዙ ግን የደላላን ቃል ብቻ አትመኑ። የራሳችሁን መካኒክ ይዛችሁ ሂዱ። ኤሌክትሪክ ከሆነች ባትሪዋ ምን ያህል አቅም እንደቀረው በመሣሪያ አስመርምሩ። የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር አመሳክሩ። የባንክ ዕዳ ወይም የፍርድ ቤት እገዳ እንደሌለባት፣ ከቀረጥ ነጻ የገባች አለመሆኗን አጣሩ። ስም ሳይዞር በውክልና ብቻ ገንዘብ አትጨርሱ።

አዲስ ካላችሁ ደግሞ ሦስት ነገር ሳይጻፍ አትፈርሙ፦ የማይለወጥ ዋጋ፣ የታወቀ የማስረከቢያ ቀን፣ ሲዘገይ ገንዘቡ የሚመለስበት መንገድ። ቁርኣን በሱረቱል በቀራ በጊዜ የተወሰነ ዕዳ እንዲጻፍ ያዘናል። ዑለማዎች «ሰለም» በሚሉት ቅድመ ክፍያ ሽያጭም ዋጋው ይታወቃል፣ ዕቃው በዝርዝር ይገለጻል፣ ቀኑም ይቆረጣል። «ዋጋው በኋላ ይታያል» የሚል ውል ሲመጣላችሁ ወደ ዐዋቂ ኡስታዝ ውሰዱት። ገንዘብ ቢጎድላችሁም ወለድ ውስጥ አትግቡ። ከወለድ ነጻ ባንኮች ሙራበሐ አላቸው፤ ጠይቁ፣ የጠቅላላ ክፍያውንም ልክ አስቀድማችሁ እወቁ።

በመጨረሻ ለሻጮችና ለደላሎች፣ ብዙዎቻችሁ ወንድሞቻችን ናችሁና። የመኪናዋን ጉድለት ደብቆ መሸጥ ለአንድ ቀን ያተርፍ ይሆናል፤ በረካውን ግን ይወስደዋል። ያ ገንዘብ የአንድ ቤተሰብ የዓመታት ላብ ነው።

የምታውቁትን አማክሩ፣ ኢስቲኻራ ስገዱ፣ ከዚያ ወስኑ። አላህ ሐላሉን ያግራልን፣ በረካም ያድርግበት። አሚን።