አይሮፕላን በዶላር ይገዛል፤ አብራሪ ከየትኛው ሱቅ ይገዛል?

በጥር 2017 ዓ.ም. ቢሾፍቱ ላይ ትልቅ ድግስ ነበር። «ጥቁር አንበሳ» የሚል ስም የተሰጠው የአቪዬሽን ትርኢት ተዘጋጅቶ ጄቶች ሰማዩን ሲሰነጥቁት፣ ባለሥልጣናት በጥላ ሥር ተቀምጠው ሲያጨበጭቡ በቴሌቪዥን አየን። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በጥር 2016፣ ሁለት ሱ-30 ተዋጊ ጄቶች አገር ውስጥ መግባታቸው ተበሥሮልን ነበር።

«ታዲያ ደስ አይልም ወይ?» ይል ይሆናል አንባቢ። ይላል እንጂ! እኔ እኮ የደብረ ዘይት ልጅ ነኝ (ቢሾፍቱ በል ካላችሁኝም ቢሾፍቱ፤ የከተማዋ ስም ሲቀያየር የጄቱ ድምፅ ያው ነው)። የአየር ኃይል ግቢ አጥር ሥር ኳስ ስንጫወት ያደግን ልጆች አይሮፕላን ሲያልፍ ጨዋታ አቁመን ወደ ላይ እናያለን። ትርኢቱን ሳይ ግን ዓይኔ ብረቱን ትቶ ሰው ፈለገ። የሰፈራችንን ሰውዬ ፈለገ።

ስማቸውን አልጽፍም፤ ልጆቻቸው አሉ። የኤፍ-5 አብራሪ ነበሩ። እኔ ነፍስ ሳውቅ ግን የማውቃቸው ዶሮ ሲያረቡ ነው። በጓሯቸው አርባ የሚያህሉ ዶሮዎች ነበሯቸው፤ እንቁላሉን በካርቶን አድርገው፣ ካርቶኑን በጋሪ ጭነው ለየሻይ ቤቱ ያከፋፍላሉ። ጄት ባለፈ ቁጥር ቀና ሳይሉ፣ በድምፁ ብቻ፣ «ይኼ ሚግ ነው፤ ሞተሩ ልክ አይደለም» ይሉናል። ኦጋዴን ላይ ለዚህች አገር ሰማይ የተሟገተ ሰው እንቁላል እየሸጠ ነበር የሚኖረው። እኛ ልጆቹ ደግሞ ነገሩ ምንም አይደንቀንም ነበር፤ አብራሪ ማለት ዶሮ የሚያረባ ሰው ይመስለን ነበር።

ክርክሬ አጭር ነው። በዚህ አገር ቤተ መንግሥት የገባ ሁሉ አይሮፕላን ይገዛል፤ አብራሪ ይጥላል። ቀጥሎ የሚመጣው ደግሞ የቀደመውን አይሮፕላን ይወርስና የቀደመውን አብራሪ ያስራል። ማስረጃ አምጣ ለሚለኝ እነሆ!

ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. የመጀመሪያዋ ፖቴዝ 25 ጢያራ ከጅቡቲ ተነሥታ ስትመጣ ያበረራት አንድሬ ማዬ የሚባል ፈረንሳዊ ነበር። ብዙም ሳይቆይ አስፋው ዓሊና ሚሽካ ባቢቼፍ የሚባሉ የራሳችን ልጆች መሪውን ጨበጡ። ጣልያን በ1928 ዓ.ም. ሲወረን ከአሜሪካ፣ ከቺካጎ፣ የመጣው ጥቁር አብራሪ ጆን ሮቢንሰን በጣት የሚቆጠሩትን ጢያራዎቻችንን እየመራ መልእክትና መድኃኒት ሲያመላልስ ከረመ። ከነፃነት በኋላ ተመልሶ መጣ፣ ልጆቻችንን አስተማረ፣ በ1946 ዓ.ም. እዚሁ አዲስ አበባ በደረሰበት የአይሮፕላን አደጋ ሕይወቱ አለፈ። አፅሙ ከእኛ ጋር ነው። ከዚያ በካውንት ፎን ሮዘን የሚመሩት ስዊድናውያን ቢሾፍቱ ላይ በሳብ አይሮፕላኖች ትምህርት ቤት ከፈቱ፤ እነሱን አሜሪካኖች ተከተሉ፤ በ1952 ኤፍ-86፣ በ1958 ኤፍ-5 መጣ። በ1954 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ኤፍ-86 ጄቶች በተባበሩት መንግሥታት ባንዲራ ሥር ኮንጎ ዘምተው ነበር። ይህን ሁሉ የምቆጥረው ለፉከራ አይደለም። አንድ የጄት አብራሪ ለማፍራት የስንት አገር መምህር፣ የስንት ዓመት ልፋት፣ የስንት ሰው ሕይወት እንደሚፈጅ እንድታስቡልኝ ነው። ጤፍ አይደለም በክረምት ተዘርቶ በመኸር የሚታጨደው!

ሐምሌ 1969 ላይ የዚያድ ባሬ ጦር ድንበር ጥሶ ሲገባ ያ ልፋት ዋጋውን ከፈለ። ሶማሊያ በሶቪየት የታጠቀች፣ ሚግ-21 እና ሚግ-17 ያሰለፈች አገር ነበረች። እኛ ደግሞ አሜሪካ መሣሪያና መለዋወጫ የከለከለችን፣ ጥቂት ኤፍ-5 የቀሩን፣ አብዮቱ እርስ በርስ የሚያባላን ነበርን። ካራማራ ላይ የነበረው ራዳርም በጠላት እጅ ወደቀ። ታዲያ ሰማዩን ማን ያዘው? እነ ለገሠ ተፈራ፣ እነ ባጫ ሁንዴና ጓደኞቻቸው ናቸው የያዙት። በቁጥር የሚበልጣቸውን ሚግ በአየር ላይ ፍልሚያ አርግፈው፣ የጠላትን የአቅርቦት መስመር ከላይ ቆርጠው፣ እግረኛው ጦር እስኪሰባሰብ ጊዜ የገዙለት እነሱ ናቸው። መለዋወጫ በሌለበት ጄቶቹን እየጠገኑ ያስነሡ የነበሩትን ቴክኒሻኖች ደግሞ እስከ ዛሬ ስማቸውን የሚያነሣ የለም። ለገሠ ተፈራ ራሱ አይሮፕላኑ ተመትቶ ተማረከና አሥራ አንድ ዓመት፣ እደግመዋለሁ አሥራ አንድ ዓመት፣ ሶማሊያ እስር ቤት ማቀቀ። የተፈታው መንግሥቱ ኃይለ ማርያምና ዚያድ ባሬ በ1980 ዓ.ም. ሲታረቁ ነው።

እና መንግሥታቱ ለእነዚህ ሰዎች ምን ከፈሉ? ከአለቆቻቸው ልጀምር። አየር ኃይሉን በመምራት ከቀዳሚዎቹ ኢትዮጵያውያን አንዱ የነበሩት ሌተና ጄኔራል አሰፋ አየነ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ያለ ፍርድ ከረሸናቸው ስድሳ ሰዎች ጋር ሄዱ። በኦጋዴኑ ጦርነት ጊዜ አየር ኃይሉን የመሩት ሜጀር ጄኔራል ፋንታ በላይ በግንቦት 1981ዱ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ተይዘው ማዕከላዊ ውስጥ ተገደሉ። ያኔ የአየር ኃይሉ አዛዥ የነበሩት ሜጀር ጄኔራል አምሐ ደስታ ደግሞ ግንቦት 8 ቀን መከላከያ ሚኒስቴር ግቢ ውስጥ እጅ ከመስጠት ራሳቸውን አጠፉ። ኢሕአዴግ ራሱ የሾማቸው፣ ከገዛ ታጋዮቹ መካከል የወጡት ሜጀር ጄኔራል አበበ ተክለሃይማኖት እንኳ በ1993 ዓ.ም. ሕወሓት ሲሰነጠቅ ከወንበሩ ተነሡ። ንጉሡም፣ ወታደሩም፣ ታጋዩም በተራ ያለፉባት ወንበር ናት። በሰላም ጡረታ መውጣት ብርቅ የሆነባት ወንበር!

ወደ 1983 ልምጣ። ኢሕአዴግ አዲስ አበባ ሲገባ ከአብራሪዎቹ ከፊሉ አይሮፕላኑን እንደያዘ ወደ ጎረቤት አገር ተሻገረ። የቀረው «የደርግ ሠራዊት» ተብሎ ከነሙሉ ጦሩ ተበተነ፤ መኮንኑ ወደ ተሃድሶ ካምፕ ተጋዘ። የሰፈራችን ሰውዬ እዚያ ስንት ወር እንደቆዩ አልነገሩንም። ሲመለሱ ዶሮ ገዙ፤ የማውቀው ይህን ነው። በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ይባል የለ? እነዚያ ግን እንደ መዳብም አልቆጠሩት፤ እንደ አመድ ደፉት።

«ሐውዜንን የደበደቡ እኮ እነሱ ናቸው!» የሚል ይኖራል። ሰምቻለሁ፤ ዘልዬም አላልፈውም። ሰኔ 15 ቀን 1980 ዓ.ም. በገበያ ቀን ሐውዜን ላይ የወረደው ቦምብ የጨረሰው እህልና ጨው ሊሸምት የወጣ ገበሬ ነው። ያዘዘውም የጣለውም በስሙ ተጠርቶ፣ ፍርድ ቤት ቆሞ፣ የሥራውን ማግኘት ነበረበት። ግን በስሙ! ያዘዘውን ከታዘዘው፣ ቦምብ የጣለውን ሚግ ካጋየው ሳይለዩ ሙያውን በጅምላ መበተን ፍርድ አይባልም። ደግሞስ ትምህርቱ ተወሰደ ወይ? ሰኔ 15 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ ልክ በሠላሳ ሦስት ዓመቱ፣ በዚያው ዕለት፣ በዚያው ትግራይ፣ ቶጎጋ የተባለች ከተማ በገበያ ቀኗ ከአየር ተደበደበች። ከስልሳ በላይ ሰው መሞቱን የጤና ባለሙያዎች ተናገሩ፤ ሠራዊቱ «የመታሁት ታጣቂ ነው» አለ። መንግሥት ተቀይሮ፣ ባንዲራው ላይ ያለው ምልክት ተቀይሮ፣ ገበያተኛው ግን አልተቀየረም። አብራሪ የአገርና የሕግ ሳይሆን ወንበር ላይ የተቀመጠው ሰው አሽከር እንዲሆን ሲደረግ ውጤቱ ይኸው ነው፤ ዛሬ ወገኑን እንዲመታ ይታዘዛል፣ ነገ በመታው ብቻ ሳይሆን ባልመታውም ይታሰራል።

አሁን ወደ 1990። አሥር ዓመቴ ነበር። ግንቦት ላይ የባድመ ነገር ፈነዳ። ግንቦት 28 ቀን የኤርትራ አይሮፕላኖች መቀሌ ላይ አይደር ትምህርት ቤትን ደብድበው ከሃምሳ ሰው በላይ ፈጁ፤ የእኛም ጄቶች በዚያው ቀን አሥመራ አይሮፕላን ማረፊያን መቱ። ያን ጊዜ ነው አዲስ አበባ ላይ «ለመሆኑ አብራሪዎቻችን የት ናቸው?» ተብሎ የታሰበው። የት ይሁኑ! በትናችኋቸው እኮ! የቀድሞ አብራሪዎች ከያሉበት ይጠሩ ጀመር። በአንድ ጠዋት እኛም ሰፈር አንዲት ላንድሮቨር መጥታ ቆመች። ሰውዬው ሳጥን ውስጥ አስቀምጠውት የነበረውን ጃኬት ለብሰው ወጡ። እናቴ በራችን ላይ ቆማ፣ «ጋሼ፣ ላሰሯችሁ ሰዎች ነው የሚሄዱት?» አለቻቸው። ፈገግ እንኳ አላሉም። «ሠላሳውን እንቁላል ለሻይ ቤቷ ሴትዮ አድርሺልኝ፤ ሒሳቡን ከፍላለች» ብለዋት መኪናዋ ውስጥ ገቡ።

ከመጀመሪያዎቹ የዚያ ጦርነት በረራዎች በአንዱ ኮሎኔል በዛብህ ጴጥሮስ ነበር። በዛብህ በደርግ ዘመንም ኤርትራ ሰማይ ላይ ተመትቶ በሻዕቢያ እጅ ወድቆ የወጣ ሰው ነው። አስቡት እንግዲህ! አንዴ የተማረከበት ሰማይ ላይ ተመልሶ ሄደ። ግንቦት 29 ቀን 1990 ዓ.ም. አሥመራ ላይ ሚጉ ተመታ፣ በጃንጥላ ወረደ፣ ለሁለተኛ ጊዜ ተማረከ። ታኅሣሥ 1993 አልጀርስ ላይ ስምምነት ተፈረመ፤ በ1994 መጨረሻ ኤርትራ «የቀሩኝ ምርኮኞች እነዚህ ናቸው» ብላ አስረከበች፤ በዛብህ በመካከላቸው አልነበረም። ሐምሌ 2010 ላይ ሁለቱ መሪዎች ተቃቀፉ፣ ሕዝቡ አለቀሰ፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ አሥመራ አረፈ። ያ አይሮፕላን አበባ ይዞ ሄዶ፣ ዘመድ ይዞ ተመለሰ። በዛብህን ይዞ አልተመለሰም።

ለዚያ ጦርነት ሱ-27 የሚባል ዘመናዊ ጄት ተገዛ፤ ከጄቱ ጋር የሩሲያ ባለሙያዎችም በዶላር መጡ። በ1991 ዓ.ም. ደብረ ዘይት ላይ በሠርቶ ማሳያ አንዱ ተከስክሶ ሩሲያዊው አብራሪ በጃንጥላ ሲወርድ እኛ ልጆቹ የሰርግ ያህል ሮጠናል። ዛሬ ሳስበው ሳቄ ይጠፋል። እንቁላል ሲሸጥ ለኖረው የገዛ አብራሪያችን ያልተገኘው ገንዘብ ለውጭው ሰው ከየት ተገኘ?

የእኛ ሰፈር ሰውዬ ጦርነቱ ሲያልቅ ተመልሰው መጡ። ዶሮዎቹ አልነበሩም። የአገልግሎት ዘመናቸውን አስቆጥረው ጡረታቸውን ለማስከበር ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ተመላለሱ (ስሙን ልተወው፤ እያንዳንዳችሁ የየራሳችሁን አንድ ታውቃላችሁ)። «የ1983ቱ መቋረጫ ደብዳቤ ይምጣ» አሏቸው። የተበተነ ሰው ማን ደብዳቤ ይሰጠዋል? ስድስት ዓመት ተመላለሱ። ሰባተኛውን አላዩም።

ይህን ያየ ወጣት አብራሪ ታዲያ ምን ይማራል? በ1997 ዓ.ም. ሁለት አብራሪዎች ሄሊኮፕተር ይዘው ጅቡቲ ገቡ፤ ጅቡቲ መልሳ አስረከበቻቸው። በ2007 ዓ.ም. ሌላ ሄሊኮፕተር ኤርትራ ገባ። መንግሥት በየጊዜው «ከሃዲ» አለ። ይበል። እኔ ግን እጠይቃለሁ፤ ሰውየው ኮክፒት ውስጥ ብቻውን ሲቀመጥ ከአሰፋ አየነ፣ ከፋንታ በላይ፣ ከበዛብህ ጴጥሮስ ታሪክ የትኛውን እያሰበ ታማኝ ይሁን?

እንግዲህ ለሚመለከተው አካል ሦስት ጥያቄ አለኝ። ከ1983 በፊትና በ1990 ያገለገሉ አብራሪዎችና ቴክኒሻኖች ያልተከፈለ ጡረታ በስንት ሰው ላይ እንዳለ ይነገረን። በሐውዜንም ሆነ በቶጎጋ ትእዛዙን የሰጠው ማን እንደሆነ መዝገቡ ይከፈት። ኮሎኔል በዛብህ ጴጥሮስን በተመለከተ ደግሞ መንግሥት አሥመራን በይፋ ጠይቆ እንደሆነ የጠየቀበትን ቀን ይንገረን፤ ካልጠየቀም አለመጠየቁን አፍ አውጥቶ ይንገረን። ዓምዱ ክፍት ነው፤ መልሱ በመጣበት ሳምንት አንድ ቃል ሳንቆርጥ እናትማለን።