ስለ ጋራ ኢንተርኔትና ስለ ቸኩሎ መወንጀል

በደብረ ታቦር ከተማ ከግቢ ውጭ ቤት ተከራይተን የምንማር ተማሪዎች ቁጥራችን ጥቂት አይደለም። ከቤት ኪራይ፣ ከከሰልና ከበርበሬ ቀጥሎ ገንዘብ የምናዋጣለት ነገር ቢኖር ኢንተርኔት ነው። ለአንድ ተማሪ የሚከብደው ወርኃዊ ክፍያ ለአምስት ወይም ለስድስት ሲካፈል ስለሚቀል፣ አንድ ራውተር ገዝቶ ለግቢው ሰው ሁሉ ዋይፋይ ማዳረስ የተለመደ ሆኗል። ልማዱ መልካም ነው። ነገር ግን ያ የጋራ መስመር የተበላሸ ዕለት የምናሳየው ጠባይ ትምህርት ከቀመሰ ሰው የሚጠበቅ ሆኖ ስላላገኘሁት፣ በዚህ በማኅበራችን ጋዜጣ ላይ አሳቤን ለመግለጽ ተነሥቻለሁ።

ጠባያችንን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ኮምፒዩተሩ ገጽ አልከፍት ሲል በመጀመሪያ «ከላይ አጥፍተውታል» እንላለን። ጥቂት ቆይተን ራውተሩን ነቅለን እንሰካለን። ይህም ካልሆነ ፓስወርዱን እንለውጣለን። በመጨረሻ የምንደርሰው ሰው ላይ ነው፤ «እገሌ ፊልም እያወረደ ጨረሰው»፣ «የእገሌ ልጅ ነካካው» ማለት ይመጣል። በዚህ ሁሉ መካከል «መስመሩ የተቋረጠው የት ላይ ነው?» ብሎ የሚጠይቅ አይገኝም። የእኔ ክርክር በአጭሩ እንዲህ ነው፤ ይህን ጥያቄ በተራ በተራ መጠየቅ የባለ ሙያ ብቻ ሥራ ሳይሆን በጋራ የሚኖር ሰው ሁሉ ግዴታ ነው፤ ሳይጠይቁ መወንጀል ደግሞ በደል ነው።

ይህን የምለው ከሌላው የተሻልሁ ሆኜ አይደለም። በደሉን የፈጸምሁት እኔ ራሴ ነኝ።

በ2017 ዓ.ም. የካቲት ወር፣ በምኖርበት ግቢ አምስት ተከራዮች ከቤቱ እመቤት ጋር አንድ መስመር እንካፈል ነበር። ተዋጥተን የገዛነው አንድ አሮጌ ኮምፒዩተር በእኔ ክፍል ተቀምጦ የሁላችንም ጽሑፍ የሚሠራው በእርሱ ነበር። የእመቤቲቱ የእኅት ልጅ ከገጠር መጥቶ ከእርሷ ዘንድ የሚማር የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነው። እርሱም በስልኩ በዚያው ዋይፋይ ይጠቀማል፤ አልፎ አልፎም በኮምፒዩተሩ ያጠናል። አንድ ቀን ታዲያ ያ ኮምፒዩተር ገጽ መክፈት እምቢ አለ። ስልኮቻችን ይሠራሉ፤ ኮምፒዩተሩ ግን አይሠራም። ከእኛ በፊት የተቀመጠበት ያ ልጅ ስለ ነበረ ጥርጣሬያችን በእርሱ ላይ ወደቀ። «እኔ ምንም አልነካሁም ጋሼ» አለኝ። አላመንሁትም።

ፓስወርዱን ለውጠን ለአምስታችን ብቻ ተነጋገርን። ኮምፒዩተሩ አሁንም አልሠራም። በዚህ ጊዜ «ልጁ ተሳስቼ ይሆን?» ብሎ ያሰበ ልቡና የለም፤ «አዲሱንም ፓስወርድ አግኝቶታል» አልን እንጂ። ስለዚህ እንደገና ለወጥነው። ልጁም ለማጥናት ማታ ማታ ጓደኛው ቤት ይሄድ ጀመር። አክስቱ በር ላይ ቆማ ስትጠብቀው አያታለሁ፤ «ልጄ፣ ይኸ ልጅ እስኪመለስ ነፍሴ አይመለስም» ስትለኝም ሰምቻለሁ። እኔ ግን ዝም አልሁ።

ከአሥር ቀን በኋላ አንዲት የአንደኛ ዓመት ተማሪ ጽሑፍ ልታሠራ መጥታ የኮምፒዩተሩን የታች ጥግ ተመለከተችና «ይህን ኮምፒዩተር የእኛን ዘመን አቆጣጠር ማን አስተማረው?» አለች። ቀኑ የሚያሳየው በፈረንጅ ወር የካቲት ሲሆን ዓመቱ 2017 ነበር። ያን ጊዜ ነገሩ ገባኝ። የኮምፒዩተሩን ሰዓት የሚጠብቀው ትንሽ ክብ ባትሪ ሞቶ ስለ ነበር፣ መብራት በጠፋ ቁጥር ዓመቱ ወደ ኋላ ይመለሳል። ያንን እያየሁ በየጊዜው «አስተካክለው» የነበርሁት እኔ ነኝ። ወሩን በፈረንጅ፣ ዓመቱን በአበሻ አድርጌ፣ ማሽኑን ስምንት ዓመት ወደ ኋላ መልሼው ነበር።

ይህ ለምን ገጽ ይከለክላል ለሚል ሰው ምክንያቱ እንዲህ ነው። ዛሬ አብዛኞቹ የኢንተርኔት ገጾች ማንነታቸውን የሚያረጋግጥ ሰርተፊኬት አላቸው። ሰርተፊኬቱ የሚጸናበት መጀመሪያና መጨረሻ ቀን ተጽፎበታል። በ2025 እ.ኤ.አ. የጸናውን ሰርተፊኬት 2017 ላይ ያለ ኮምፒዩተር ሲያየው ገና ያልተጀመረ ስለሚመስለው አይቀበለውም። ስልኮቻችን ግን ቀናቸውን ከኔትወርኩ ስለሚወስዱ ምንም አልሆኑም። ከሁሉ የሚያሳፍረው ደግሞ፣ በገጹ ላይ የሚወጣው የእንግሊዝኛ ማስጠንቀቂያ ስለ ሰዓት የሚናገር ነበር። አምስት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አሥር ቀን ሙሉ አይተነው አንዳችንም እስከ መጨረሻው አላነበብነውም።

ባትሪውን ለወጥን፤ ዓመቱን አስተካከልን፤ ልጁንም ይቅርታ ጠየቅነው። «ምንም አይደል ጋሼ» አለ። ነገር ግን ፓስወርዱን መልሶ አልጠየቀንም። በወረቀት ጽፈን ወስደን የሰጠነው እኛ ነን።

እንግዲህ ከዚህ ምን እንማራለን? ከጉና ተራራ በሚወርዱት በርብና በጉማራ ወንዞች መስኖ የሚያጠጡ ገበሬዎቻችን ለዚህ ያላቸው ሥርዓት ከእኛ ይበልጣል። የታችኛው ማሳ ውኃ ሲያጣ ዐዋቂ የሆነ የውኃ አባት የላይኛውን ጎረቤት ሌባ ብሎ አይጀምርም። ቦዩን ይዞ ይሄዳል፤ የተናደ ቦታ እንዳለ፣ ቅጠል የዘጋው እንደሆነ፣ ተራው የማን እንደሆነ ያያል። ሰውን የሚጠይቀው ቦዩን ከጨረሰ በኋላ ነው። የእኛም መስመር ቦይ ነው፤ ከአቅራቢው ድርጅት ወደ ራውተሩ፣ ከራውተሩ በአየር ወደ ኮምፒዩተሩ፣ ከኮምፒዩተሩ ወደ ገጹ ይፈሳል።

ቦዩን ለመከተል የሚያስፈልገው ዕውቀት ብዙ አይደለም። በመጀመሪያ የሚጠየቀው «ያልሠራው የአንዱ ነው ወይስ የሁሉም?» የሚለው ነው። በዚያው ዋይፋይ ሌላ ስልክ የሚሠራ ከሆነ መስመሩ ሕያው ነው፤ ችግሩ ከዚያ ከአንዱ ማሽን ነው። ስልኩን ስትሞክሩ ግን የሲም ካርዱን ዳታ ዝጉ፤ አለዚያ ስልኩ በራሱ መንገድ ሄዶ ያሳስታችኋል።

የሁሉም ከሆነ ወደ ራውተሩ እንሂድ። መብራቶቹ በርተዋል? የፋይበር መስመር ከሆነ ቀይ መብራት በአብዛኛው ከውጭ የሚመጣው ምልክት መቋረጡን ይነግራል። በሲም ካርድ የሚሠራ ራውተር ከሆነ ደግሞ ጥቅሉ አልቆ እንደሆነ ማየት ነው።

የአንዱ ማሽን ከሆነ አድራሻውን እንይ። በዊንዶውስ ኮምፒዩተር የትእዛዝ መስኮቱን ከፍቶ «አይፒኮንፊግ» የሚለውን ቢጽፉ የማሽኑ አድራሻ ይወጣል። በ169.254 የሚጀምር ከሆነ ማሽኑ ከራውተሩ አድራሻ አላገኘም፤ ግንኙነቱን ቆርጦ እንደገና መገናኘት ነው። በ192.168 የሚጀምር ከሆነ ግን እስከ ራውተሩ በአብዛኛው ደኅና ነው። ከዚያ በ«ፒንግ» ትእዛዝ 8.8.8.8 የሚለውን ቁጥር እንጥራ። ቁጥሩ መልስ እየሰጠ የገጾች ስም ብቻ እምቢ ካለ፣ ስልክ እየሠራ የስልክ ማውጫው እንደ ጠፋ ያህል ነው፤ ስምን ወደ ቁጥር የሚለውጠው ዲኤንኤስ የተባለው አገልግሎት ይታያል። ቁጥሩም ስሙም መልስ ሰጥቶ ገጹ ብቻ እምቢ ካለ ቀኑንና ዓመቱን ተመልከቱ። የዓመቱን ነገር እኔ በአሥር ቀን ኀፍረት ገዝቼዋለሁ።

በአንዳንድ ግቢ ደግሞ ራውተር ሳይኖር አንዱ ተማሪ የኬብሉን መስመር በኮምፒዩተሩ ተቀብሎ ለሌሎች በሆትስፖት ያካፍላል። በዚህ ጊዜ የተቀባዮቹ አድራሻ በዊንዶውስ አብዛኛውን ጊዜ በ192.168.137 ይጀምራል። ይህን አድራሻ ያየ ሰው መስመሩ የሚመጣው በጓደኛው ኮምፒዩተር በኩል መሆኑን ይወቅ። ያ ኮምፒዩተር ሥራ ፈትቶ ሲተኛ የሁሉም መስመር አብሮ ይተኛል። ጓደኛው ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ማሽኑ እንዳይተኛ ማድረግ ብቻ ይበቃል።

ርቀትና ግድግዳም አይዘንጋ። የዋይፋይ ሞገድ በ2.4 ጊጋኸርትዝ ሲሆን ሩቅ ይሄዳል፤ በ5 ጊጋኸርትዝ ሲሆን ይፈጥናል፤ ነገር ግን ግድግዳ ቶሎ ያደክመዋል። ቆርቆሮ ደግሞ ሞገዱን ይመልሰዋል። የድንጋይና የጭቃ ግድግዳ ባለበት ግቢ ራውተሩን ከአንዱ ክፍል ቁም ሣጥን ጀርባ አስቀምጦ የጥጉን ተከራይ «ስልክህ አሮጌ ነው» ማለት ፍርድ አይደለም።

ይሁን እንጂ ጥፋቱ በእውነት ከሰው የሚሆንበት ጊዜም አለ። መስመራችን በሰከንድ 4 ሜጋቢት ቢሆን፣ 1 ጊጋባይት የሆነ ፊልም የሚያወርድ ሰው 33 ደቂቃ ያህል መስመሩን ሁሉ ሊይዝ ይችላል። ይህም ቢሆን በጥርጣሬ ሳይሆን በማስረጃ ይነገር። ወደ ራውተሩ ገጽ ገብቶ የተገናኙትን ማሽኖች ዝርዝር ማየት ይቻላል። ከዚያም ፊልም የሚወርደው ሰው ሁሉ በተኛበት ሰዓት ይሁን ብሎ መስማማት ነው።

መስማማት ያልሁት ያለ ምክንያት አይደለም። የዋይፋይ ሥራ ራሱ በመስማማት ላይ የቆመ ነው። በ1971 እ.ኤ.አ. በሃዋይ ዩኒቨርሲቲ ኖርማን አብራምሰንና ባልደረቦቹ በተለያዩ ደሴቶች ያሉትን ኮምፒዩተሮች በሬዲዮ ለማገናኘት «አሎሃኔት» የተባለውን መረብ ሥራ ላይ አዋሉ። ሁሉም በአንድ የሬዲዮ መንገድ ይልካሉ፤ የሁለት መልእክት ቢጋጭ ሁለቱም የተለያየ ጊዜ ጠብቀው እንደገና ይልካሉ። የዛሬው ዋይፋይ ይህን አሳብ ወርሶ አንድ ጨመረበት፤ ከመናገሩ በፊት ሌላው እየተናገረ እንደሆነ ያዳምጣል። ማሽኖቹ ሳያዳምጡ አይናገሩም፤ እኛ ባለቤቶቻቸው ግን ሳናዳምጥ እንፈርዳለን።

ሁለት መቃወሚያዎች እንደሚነሡብኝ ዐውቃለሁ። የመጀመሪያው «የሚቋረጠው ከላይ ስለ ሆነ የእኛ ምርመራ ምን ያደርጋል?» የሚል ነው። እውነት አለበት። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ሲቆይ፣ ማንም ተማሪ በአይፒኮንፊግ ሊመልሰው አይችልም ነበር። ነገር ግን ያ ዘመን አንድ ክፉ ልማድ አስተምሮን አልፏል፤ ይኸውም ማናቸውንም ብልሽት «ተቋርጧል» በሚል በአንድ ቃል ጠቅልሎ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ ነው። ከላይ የተቋረጠውን በቤት ውስጥ ከተበላሸው ለይቶ የሚያውቅ ሰው አቤቱታውም ይሰማለታል፤ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የመብራቱን ቀለምና የሞከረውን ጽፎ ይዞ የሚቀርብ አቤቱታ ባዶ ጩኸት አይባልምና።

ሁለተኛው «ይህ የኮምፒዩተር ተማሪዎች ሥራ ነው» የሚል ነው። ለዚህ መልሴ ከከተማችን አጠገብ አለ። በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን በ1860ዎቹ እ.ኤ.አ. በጋፋት ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ የሠሩት አውሮፓውያን መድፍ የመሥራት ሙያ ያልነበራቸው ሚሲዮናውያን የእጅ ሠራተኞች ነበሩ። ሲታዘዙ ሞክረው ሠሩት። በጋፋት ስም የምንኮራ ሰዎች የአንድ ራውተር መብራት ማንበብ የሌላ ሰው ሙያ ነው ማለት አይገባንም።

ስለዚህ ለማኅበራችንና ለመምህራኖቻችን ሦስት አሳብ አቀርባለሁ። አንደኛ፣ ማኅበሩ ከላይ የጠቀስሁትን የምርመራ ተራ በአንድ ገጽ አማርኛ አባዝቶ በመኝታ ቤቶችና በተከራይ ግቢዎች ይለጥፍ። ሁለተኛ፣ የኮምፒዩተር ትምህርት መምህራን በየሴሚስተሩ አንድ ከሰዓት በኋላ ሰጥተው ለሌሎች ትምህርት ክፍል ተማሪዎች በተግባር ያሳዩ። ሦስተኛ፣ እያንዳንዱ የጋራ መስመር እንደ ውኃ አባት ያለ «የመስመር አባት» በተራ ይምረጥ። ሴትም ወንድም ሊሆን ይችላል። ያ ሰው የምርመራውን ተራ ሳይጨርስ ፓስወርድ አይለወጥ፤ የማንም ስም አይነሣ።

ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለአንዳንድ ተማሪዎች በኮምፒዩተር መሰጠት ጀምሯል። ከእንግዲህ በየግቢያችን ያሉ ታናናሾቻችን የሚያጠኑበትን መስመር መዝጋት መጽሐፋቸውን ቀምቶ ሣጥን ውስጥ እንደ መቆለፍ ነው። እኔ አንድ ጊዜ ቆልፌአለሁ። ይህን ያነበበ ሰው መስመሩ የጠፋ ዕለት ከሰው ፊት በፊት የማሽኑን ቀን ቢመለከት፣ ጽሑፌ ዋጋውን አግኝቷል እላለሁ።