የአንባቢ ቍጥርና የመጽሔት ጥራት

የአንድ የጥናት መጽሔት ጥራት በምን ይመዘናል የሚለው ጥያቄ ምሁራንን ሲያከራክር ኖሯል። አሜሪካዊው ዩጂን ጋርፊልድ በ1947 ዓ.ም. ካቀረበው ሐሳብ የመነጨው መለኪያ፣ የመጽሔቱ ጽሑፎች በሌሎች ጸሐፊዎች ስንት ጊዜ እንደተጠቀሱ ይቈጥራል። ኢንተርኔት ከተስፋፋ ወዲህ ደግሞ አንድ ጽሑፍ ስንት ጊዜ እንደተከፈተ መቍጠር ተችሏል።

አዲሱ ዘዴ ጥቅም እንዳለው አይካድም። ሐኪሙ፣ መምህሩና ተማሪው ጽሑፉን አንብበው ይሠሩበታል እንጂ ብዙውን ጊዜ ራሳቸው ጽፈው አይጠቅሱትም። እነዚህ አንባቢዎች የሚታዩት በአዲሱ ቈጠራ ነው። ቈጠራውም ሥርዐት አለው፤ በ1994 ዓ.ም. የተጀመረው ካውንተር የተባለው ደንብ፣ አንድ አንባቢ አንዱን ጽሑፍ በ30 ሴኮንድ ውስጥ ደጋግሞ ቢከፍት እንደ አንድ ጊዜ ይቈጥርለታል።

ይሁን እንጂ በትክክል መቍጠር ጥራትን መመዘን አይደለም። ለዚህም ካርቱም ምስክር ናት። ከከተማዋ መኻል በስተደቡብ አል-ሳሃፋ የሚባል ሰፈር አለ፤ ስሙ በዐረብኛ ጋዜጠኝነት ማለት ነው። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ተነሣ። በ2016 ዓ.ም. ጥር ወር መጨረሻም በአብዛኛው የሱዳን ክፍል የስልክና የኢንተርኔት አገልግሎት ተቋረጠ። በዚያን ጊዜ በአል-ሳሃፋ የቀረ ተማሪ፣ የቱንም ያህል ለማንበብ ቢጓጓ፣ በቈጠራው ውስጥ ሊገባ አይችልም ነበር። ታዲያ የሚያነበው መጽሔት አንባቢ ስላነሰው ጥራቱ ቀነሰ ሊባል ነውን?

ከ1910 ዓ.ም. ጀምሮ በካርቱም የታተመው «ሱዳን ኖትስ ኤንድ ሬከርድስ» እና በ1955 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተመሠረተው የኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ለብዙ ዘመን የተነበቡት በወረቀት ነው። በቤተ መጻሕፍት የተቀመጠ አንድ ቅጂ ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር የቈጠረው የለም። ከዚህም በላይ ስለ አንድ አገር ታሪክና ቋንቋ የሚጽፍ መጽሔት፣ በዓለም ዙሪያ ሐኪሞች የሚያነቡትን መጽሔት ያህል አንባቢ ሊያገኝ አይችልም።

ጕዳቱም ቀላል አይደለም። ገንዘብ ያጠረው ቤተ መጻሕፍት ቍጥርን ብቻ ተመልክቶ ጥቂት አንባቢ ያለውን መጽሔት ቢተው፣ ጥቂቶቹም ይጠፋሉ፤ አንባቢ ያጣ መጽሔትም ጸሐፊ ያጣል። በመጨረሻም አገር ስለ ራሷ የምታውቀው ይመነምናል።

ስለዚህ ቍጥር በምስክርነት ይቅረብ እንጂ ዳኛ ሆኖ አይቀመጥ። የመጽሔትን ጥራት ሊፈርድ የሚገባው፣ ገልጦ ያነበበና ማስረጃውን የመረመረ ሰው ነው።