ፈረሱ ሲያነክስ ኪስም ያነክሳል

በወላይታ ሶዶ ባጃጅ ተሳፋሪውን ቢሻማም የጋሪ ፈረስ እህልና የሱቅ ዕቃ ማመላለሱን አልተወም። ፈረሱ ባነከሰ ቀን ባለጋሪው የዕለት ገቢውን፣ ነጋዴው ደግሞ ርካሽ ማጓጓዣውን ያጣል።

በውጭው ዓለም ለዚህ ጉዳት ሾክዌቭ የሚባል ሕክምና አለ። መሣሪያው በተጎዳው ጅማት ላይ ኃይለኛ የድምፅ ሞገድ ያሳርፋል። በ1972 ዓ.ም. ሙኒክ ውስጥ የሰው ኩላሊት ጠጠር ለመስበር ተጀመረ፤ በኋላ ለውድድር ፈረሶች ዋለ። ታዲያ አስመጥቶ ሶዶ ላይ መትከል ያዋጣል?

አያዋጣም። ችግሩ የመሣሪያው ውድነት ብቻ አይደለም። ሞገዱ ሕመሙን ለጥቂት ቀናት ያደነዝዛል፤ ጅማቱ ግን የሚጠግገው በወራት ዕረፍት ነው። ዓለም አቀፉ የፈረስ ስፖርት ፌዴሬሽን ሕክምናውን ከውድድር በፊት ባሉት 5 ቀናት የከለከለውም ለዚሁ ነው። የውድድር ፈረስ ባለቤት ወራት ይታገሣል፤ የዕለት ጉርሱን ከጋሪ የሚያገኝ ሰው ግን ፈረሱ ዳነ ሲመስለው በማግስቱ ይጠምደዋል። ያኔ የተጎዳው ጅማት ጭራሽ ይበጠሳል።

ስለዚህ ገንዘብ ያለው ሰው ኮቴ በሚያስተካክል ሙያተኛና ትከሻ በማይልጥ የጋሪ ማሰሪያ ላይ ቢያውለው ይሻላል። የእንስሳት ሐኪም የሚያሠለጥነው የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲም እዚያው ነው። ባለጋሪዎችም እንደ ዕቁብ ጥቂት ጥቂት አዋጥተው ፈረሱ ለታመመበት ጓደኛቸው የዕረፍቱን ቀናት ቢደጉሙ ገቢው አይቋረጥም። ነጋዴውም ድርሻ አለው፤ በአንድ ምልልስ ሁሉን ልጫን ማለቱን ይተው።