ጀማሪ አከራይ ከመጀመሪያው ውል በፊት ሊያጤነው የሚገባ ስሌት

የመኸር ሽያጩን ወይም የዓመታት ቁጠባውን በከተማ የሚከራዩ ክፍሎች ለመሥራት የሚያውለው ሰው ብዙ ነው። ስሌቱ የሚጀምረውም በብሎኬትና በቆርቆሮ ዋጋ ነው። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ግን ሌላ ስሌት አምጥቷል።

በአዋጁ መሠረት ውሉ በጽሑፍ ተደርጎ በተቆጣጣሪው አካል መመዝገብ አለበት፤ ዘመኑም ከሁለት ዓመት አያንስም። ቅድሚያ ክፍያው ከሁለት ወር ኪራይ መብለጥ አይችልም። የዓመት ኪራይ አስቀድሞ ተቀብሎ ቀሪዎቹን ክፍሎች ቆርቆሮ ለማልበስ ያሰበ ጀማሪ እንግዲህ የማጠናቀቂያውን ገንዘብ ከሌላ ምንጭ መፈለግ ይኖርበታል።

ከሁሉም የሚከብደው የመጀመሪያው ዋጋ ነው። ጭማሪ የሚደረገው በዓመት አንድ ጊዜ፣ ተቆጣጣሪው አካል በሚያሳውቀው መጠን በመሆኑ፣ በይሉኝታ ለዘመድ ልጅ በርካሽ የተሰጠ ክፍል በቀላሉ ወደ ገበያ ዋጋ አይመለስም። ዋጋውን ከልክ በላይ መስቀልም የራሱ ኪሳራ አለው። በወር 3 ሺህ ብር የተጠየቀበት ክፍል ሁለት ወር ባዶ ቢቀመጥ 6 ሺህ ብር ይታጣል፤ በወር 200 ብር ቀንሶ ወዲያው ማከራየት ግን በዓመት የሚያሳጣው 2 ሺህ 400 ብር ነው። የኪራይ ገቢ ግብርና የጥገና ወጪም ከዚሁ ገቢ ላይ ይነሳሉ።

አዋጁ ከአዲስ አበባና ከድሬዳዋ ውጭ የሚሠራው ክልሎች በሚወስኗቸው ከተሞች ስለሆነ፣ ከተማው መካተት አለመካተቱን ከመዋዋል በፊት ከከተማ አስተዳደሩ መጠየቅ ያስፈልጋል።