አለቃን የሚፈትሽ ዘበኛ

አንባቢ ሆይ፤ ባለፈው ወር ለአንድ ጉዳይ ካዛንቺስ ወደሚገኝ አንድ መሥሪያ ቤት ሄጄ ነበር። (ካዛንቺስ ስሙን የወረሰው ጣሊያኖች ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው ከሠሯቸው «ካዜ ኢንቺስ» ከተባሉ ቤቶች ነውና፣ ሰፈሩ ከጥንት ጀምሮ ከጸሐፊና ከፋይል ተለይቶ አያውቅም።) በሩ ላይ የቆሙት ሽማግሌ ዘበኛ ቦርሳዬን ከፍተው፣ ያልታረሙትን የተማሪዎቼን ደብተሮች አንድ በአንድ አገላበጡ፤ ኪሴን ዳበሱ፤ እስክሪብቶዬን ሳይቀር አዩት። በዚህ መካከል አንድ መኪና መጣ። ዘበኛው ቀጥ ብለው ሰላምታ ሰጡ፤ በሩ ወለል ብሎ ተከፈተ፤ መኪናው ገባ።

«አባባ፣ እሳቸውንስ አይፈትሿቸውም?» አልኋቸው።

«ልጄ፣ እሳቸው እኮ ይታወቃሉ» አሉኝ፤ ስለ ጥያቄዬ እሳቸው አፈሩልኝ።

ይህን ያነሣሁት ዘበኛውን ለመውቀስ አይደለም። በመስከረም 2018 ዓ.ም. አገራችን ስለ አቶም ኀይል ማመንጫ ግንባታ ከሩሲያ ጋር የሥራ መርሐ ግብር በሞስኮ ተፈራርማለች። በምቀመጥበት ሻይ ቤት የሚነሣው ክርክር ስለ መብራቱ ብዛትና ስለ ወጪው ነው፤ ስለ በሩ የሚጠይቅ ግን እስካሁን አላጋጠመኝም።

እንዲህ ያለውን ቦታ ጥበቃ የሚመረምር ባለሙያ የግንቡን ቁመት ለክቶ አይመለስም። ሥራው በአመዛኙ የሰዓት ሥራ ነው። ሌባ አጥሩን ሲነካ ደወሉ ይጮኻል ወይ? ደወሉን የሰማው ሰው፣ የነካው ድመት ወይም ነፋስ አለመሆኑን የሚያይበት መንገድ አለው ወይ? ከዚያ ወዲያ ያሉት የብረት በሮችና ግድግዳዎች ሌባውን ስንት ደቂቃ ያቆዩታል? የታጠቀው ረዳት ኀይልስ በስንት ደቂቃ ይደርሳል? ግድግዳው 10 ደቂቃ የሚያቆይ ቢሆንና ረዳቱ በ15 ቢደርስ፣ የግድግዳው ገንዘብ በከንቱ ፈሷል ማለት ነው። የዓለም አቀፉ የአቶም ኀይል ድርጅት፣ አገራችን ከተመሠረተበት ዓመት ጀምሮ አባል የሆነችበት፣ እ.ኤ.አ. ከ1995 ወዲህ መንግሥታት ሲጋብዙት ይህንኑ የሚመረምሩ ባለሙያዎችን ይልካል።

ደቂቃው ሲያልፍ የሚሆነው በአህጉራችን ታይቷል። በጥቅምት 2000 ዓ.ም. ማለቂያ ላይ በአንድ ሌሊት፣ የታጠቁ ሰዎች 10 ሺህ ቮልት የሚተላለፍበትን አጥር አልፈው፣ በደቡብ አፍሪካ ወዳለው የፔሊንዳባ የአቶም ምርምር ጣቢያ ገቡ። ለቦምብ መሥሪያ የሚበቃ ዩራኒየም የሚቀመጥበት ቦታ ነው። እስከ መቆጣጠሪያው ክፍል ዘልቀው አንድ ሠራተኛ ደረቱን በጥይት መቱ፤ ሦስት ሩብ ሰዓት ያህል ቆይተውም ሳይያዙ ወጡ። (አፍሪካ ከአቶም መሣሪያ ነጻ ትሁን የሚለው ውል የሚጠራው በዚሁ በፔሊንዳባ ስም ነው!)

እኔን ግን ይበልጥ የሚያሳስበኝ የኩበርግ ነገር ነው። ኩበርግ በኬፕ ታውን አጠገብ ያለ፣ በአፍሪካ ምድር እስካሁን ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ብቸኛው የአቶም ጣቢያ ነው። ገና በመሠራት ላይ ሳለ፣ በታኅሣሥ 1975 ዓ.ም. አራት ፈንጂዎች ፈነዱበት። አጥር የቆረጠ ማንም አልነበረም። ፈንጂዎቹን አንድ በአንድ ያስገባው ሮድኒ ዊልኪንሰን እዚያው ይሠራ የነበረ ሰው ነው፤ በሩ ያውቀዋል። በመጨረሻው የሥራ ቀኑ አጥምዷቸው፣ ከባልደረቦቹ ጋር የስንብት መጠጥ ጠጥቶ ሄደ። ማገዶው ገና ወደ ማብላያው ስላልገባ ጨረር አልወጣም፤ ሰውም አልሞተም። የሠራው ከአፍሪካ ብሔራዊ ኮንግሬስ ጋር ሆኖ የአፓርታይድን መንግሥት ለመምታት ስለሆነ እኔም ልቤ አይኮንነውም። ነገር ግን ሌላ ጊዜ በዚያ ዓይነት በር የሚገባው የታወቀ ሰው ምን አስቦ እንደሚገባ በምን ይታወቃል?

ስለዚህ ጥሩ መርማሪ በር ላይ ቆሞ የሚጠብቀው ሌባውን ሳይሆን ሥራ አስኪያጁን ነው። ሥራ አስኪያጁ ሲገባም ሲወጣም ይፈተሻል ወይ? ወደ ዋናው ክፍል ሁለት ሆኖ እንጂ ብቻውን የሚገባ አለ ወይ? ይህ በወረቀት ላይ ቀላል ነው። እኛ ዘንድ ግን ይሉኝታ አለ። ታላቅን ሰው መፈተሽ «አላመንሁህም» ብሎ ፊት ለፊት እንደ መሳደብ ይቈጠራል፤ ዘበኛውንም እንጀራ ሊያሳጣው ይችላል። መመሪያ በግድግዳ ላይ ቢለጠፍ ይህን አይለውጠውም። ሥራ አስኪያጁ በመጀመሪያው ቀን ከመኪናው ወርዶ ቦርሳውን ራሱ ካልከፈተ፣ ዘበኛው በሁለተኛው ቀን ክፈት አይለውም። እናንተም ዛሬ ታናሽ ጸሐፊዎች የሆናችሁ፣ ማመንጫው ሲቆም የአለቅነቱን ወንበር የምትይዙት እናንተው ናችሁ።

ባለፈው ማክሰኞ ያው ጉዳዬ አላልቅ ብሎ ወደዚያው መሥሪያ ቤት ተመለስሁ። ሽማግሌው ከሩቅ አይተውኝ ፈገግ አሉ። «ግባ፣ ግባ ልጄ» አሉኝ፤ ቦርሳዬን አልነኩትም። እውነቱን ልናገርና ደስ አለኝ።