መደገሙ ይታወቅ፣ መደበቁ ዋጋ ይኑረው

በጠረጴዛ ዙሪያ በሚካሄዱ የሚና ጨዋታዎች አስማተኛው ገጸ ባሕርይ ድግምቱን ሲደግም በአካባቢው ያለ ሰው ያስተውላል ወይስ አያስተውልም? ጥያቄው ትንሽ ይምሰል እንጂ የጨዋታው ፍትሐዊነት በመልሱ ላይ ይመሠረታል። በእነዚህ ጨዋታዎች እያንዳንዱ ተጫዋች የአንድ ገጸ ባሕርይ ሚና ይይዛል፣ የጨዋታው መሪ ዓለሙን ይተርካል፣ አጠራጣሪውን ነገር ዳይስ ይወስነዋል። ሁሉ ነገር በቃል ስለሚተረክ ማን ምን እንዳየና እንደሰማ ካልተነገረ በቀር የሚታወቅ ነገር የለም። የሚበጀው ደንብ ሦስት ነገር ያስቀምጣል፦ ድግምት መደገሙ ለቅርብ ሰው ሁሉ ይታወቅ፤ ምን ዓይነት ድግምት እንደሆነ ለተማረው ብቻ ይገለጥ፤ መደበቅ የፈለገ ዋጋ ይክፈል።

የዘርፉ አባት የሚባለው ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ በጌሪ ጋይጋክስና በዴቭ አርነሰን ተዘጋጅቶ በ1974 እ.ኤ.አ. ወጣ። በ1978 እ.ኤ.አ. በታተመው የተጫዋቾች መጽሐፍ ድግምት በሦስት ነገሮች እንዲሠራ ተደነገገ፤ እነሱም የሚነገር ቃል፣ የእጅ እንቅስቃሴና በእጅ የሚያዝ ቁስ ናቸው። የእሳት ኳስ ለመወርወር ለምሳሌ የሌሊት ወፍ ኩስና ድኝ ያስፈልጋል። በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣው የዚሁ ጨዋታ ተጨማሪ መጽሐፍ፣ የዛናታር መመሪያ፣ ደግሞ ነገሩን ግልጽ አደረገው። ከሦስቱ አንዱን እንኳ የሚጠይቅ ድግምት ሲደገም ይስተዋላል፤ ምንነቱን መለየት ግን የአስማት ዕውቀት የሚፈተንበት ሌላ ጉዳይ ነው፤ የድግምቱ ደረጃ ከፍ ባለ ቁጥርም ፈተናው ይከብዳል።

ይህ ደንብ ምን እንደሚያተርፍ አንድ ትዕይንት ያሳያል። የጨዋታው መሪ ታሪኩን ከአዳማ ተነሥቶ ወደ ድሬዳዋ በሚጓዘው የድሮ ባቡር ውስጥ አደረገው እንበል። ባቡሩ ወለንጪቲን አልፎ መተሃራ ሳይደርስ ቲኬት ተቆጣጣሪው ይመጣል። አስማተኛው ቲኬት የለውም፤ ስለዚህ ሰውን ወደ አንድ ሐሳብ የሚመራውን ድግምት ሊደግምበት ይነሣል። በ2014 እ.ኤ.አ. በወጣው የደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ እትም መሠረት ይህ ድግምት የእጅ እንቅስቃሴ አይፈልግም። ቃሉ ግን መሰማት አለበት፤ የእባብ ምላስና የማር እንጀራ ቁራሽ፣ ወይም በምትካቸው የአስማት በትር፣ በእጅ መያዝ አለበት። ፊት ለፊት አንዲት ነጋዴና አንድ ወታደር ተቀምጠዋል። የአስማተኛውን ከንፈርና እጅ ካዩ ነጋዴዋ ትጮኻለች፣ ወታደሩ ክንዱን ይይዘዋል፣ ተቆጣጣሪውም ወደ ኋላ ያፈገፍጋል። አስማተኛው መተላለፊያው ላይ ለብቻው እስኪያገኘው መጠበቅ ወይም ጓደኛው ሰው እንዲያዘናጋለት መለመን ይኖርበታል። ጨዋታው ጨዋታ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። ማንም ካላስተዋለ ግን የፉርጎው ሰው ሁሉ ግዑዝ ዕቃ ይሆናል፤ ዘዴ፣ ድፍረትና ምላስ የታጠቀው ሌላ ተጫዋችም ሥራ ይፈታል።

የማይታይ ድግምት ምን ያህል እንደሚያስፈራ የኢትዮጵያ ከተማ ነዋሪ ያውቃል። በመናኸሪያና በገበያ አካባቢ ስለ አፍዝ አደንግዝ የሚወራው ታሪክ አንድ መልክ አለው። አንዲትን ሴት የማታውቀው ሰው መንገድ ጠየቃት፤ ወርቋን በገዛ እጇ አውልቃ ሰጠችው፤ ስትነቃ ሰውዬው የለም። የታሪኩ ጭካኔ ከዝርፊያው ይልቅ ተበዳይዋ የምትከላከልበት ቅጽበት ማጣቷ ላይ ነው። ጥርጣሬውም ወሰን የለውም፤ ምልክት የሌለው ክፉ ሥራ እንግዳውን ሁሉ ያስጠረጥራል። በጨዋታውም እንዲሁ ነው። ድግምት ያለ ምልክት የሚሠራበት ዓለም ውስጥ ንጉሥ እንግዳ አይቀበልም፣ ነጋዴም ከማያውቀው ጋር አይገበያይም። የጨዋታው መሪ ይህን መዘዝ ካልተረከ ዓለሙ እውነት አይመስልም፤ ከተረከውም ጀብዱ የሚሠራበት ቦታ ይጠፋል።

በደብተራዎች እጅ የተጻፈው ክታብ ግን የተሻለውን መንገድ ያሳያል። ክታብ በብራና ጥቅል ላይ በጥቁርና በቀይ ቀለም በግእዝ ይጻፋል፤ ጸሎት፣ አስማትና ትልልቅ ዓይን ያላቸው ሥዕሎች ይኖሩበታል፤ የባለቤቱ የክርስትና ስም ይገባበታል። ብዙ ጊዜም ቁመቱ በባለቤቱ ቁመት ልክ ይሆናል። ከዚያ ተጠቅልሎ በቆዳ ተሰፍቶ አንገት ላይ ይንጠለጠላል። ሰውዬው ክታብ ማሰሩን መንገደኛው ሁሉ ያያል፤ በውስጡ ያለውን ግን የጻፈው ደብተራና የተማረ ሰው ብቻ ያውቃሉ። ምልክቱ ለሁሉ ይታያል፣ ምስጢሩ ይጠበቃል። ጥሩ የጨዋታ ደንብ የሚያስፈልገው ይህ ሚዛን ነው።

መደበቅ የሚያስፈልግበት ጊዜ መኖሩ አይካድም። ሰላይ፣ እስረኛ ወይም በጠላት አደባባይ የቆመ መልእክተኛ ጮኾ ሊደግም አይችልም። ለዚህ መፍትሔው ዋጋ ነው። ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ በሦስተኛ እትሙ ድምፅን ወይም እንቅስቃሴን ለማስቀረት ድግምቱ አንድ ደረጃ ከፍ ያለ ጉልበት እንዲፈጅ አድርጓል፤ በአምስተኛው ደግሞ ሶርሰረር የሚባለው የአስማተኛ ዓይነት ውሱን ከሆነው ኃይሉ ነጥብ ይከፍላል። ከሁሉ የሚልቀው በ1987 እ.ኤ.አ. የወጣው አርስ ማጂካ የተባለ ጨዋታ ስሌት ነው። በአምስተኛ እትሙ ድምፁን ከፍ ያደረገ ነጥብ ይጨመርለታል፤ ዝቅ ካደረገ 5፣ ጨርሶ ዝም ካለ 10 ይቀነስበታል፤ እጁን ካላንቀሳቀሰ ሌላ 5 ያጣል። ተጫዋቹ መደበቅ አይከለከልም፤ ምን ያህል እንደሚያዋጣው ግን አስቀድሞ ያሰላል። በ1993 እ.ኤ.አ. የወጣው ሜጅ ዘ አሴንሽን የተባለ ጨዋታ ደግሞ ከሌላ አቅጣጫ መጥቷል። በእሱ ዓለም ተራ ሰው ፊት በግልጽ የተሠራ አስማት በሠሪው ላይ ይመለሳል፤ አጋጣሚ መስሎ የተሠራው ያልፋል። እዚያ ስውርነት የዓለሙ ሕግ ስለሆነ ለሁሉም እኩል ይሠራል፤ ለአንድ ተጫዋች የተሰጠ ነፃ ስጦታ አይደለም።

አዳማ ላይም ሆነ በሌሎች የስምጥ ሸለቆ ከተሞች ጨዋታ የሚጀምር ቡድን ከመጀመሪያው ቀን በፊት ጥቂት ነገሮችን ቢስማማባቸው ብዙ ጭቅጭቅ ይቀርለታል። ድግምት በመደበኛ የንግግር ድምፅ ይደገማል ብሎ መነሣት ጥሩ ነው። ከዚያ ቦታው ይወስናል፤ በገበያ ቀን ግርግር ውስጥ ከጥቂት እርምጃ ያለፈ አይሰማም፣ በዝዋይ ሐይቅ ላይ ጸጥ ባለ ሌሊት በታንኳ የሚሄድ ሰው ድምፅ ግን ርቆ ይጓዛል። ጨለማ እጅን ይሸፍናል፣ ድምፅን አይሸፍንም። ጠላትም በዚያው ደንብ ይገዛ፤ የመሪው ጠንቋይ በስውር እየደገመ የተጫዋቾቹ መከልከሉ በደል ነው። ድግምቶቹም የተፈጠሩ ይሁኑ። ክርስቲያን፣ ሙስሊምና ዋቄፈታ በአንድ ጠረጴዛ ሊቀመጡ በሚችሉበት አገር የማንንም እውነተኛ ጸሎት ለጨዋታ መድገም አይገባም። ይህ ሁሉ ከተሟላ አስማተኛው ኃይሉን አያጣም፤ አጠገቡ የተቀመጡትም የማየት፣ የመጠርጠርና የመመለስ ዕድላቸውን ያገኛሉ።